መጀመሪያ ብራችንን የሚያስመልስ ሕግ

ጎንደር ሆኖ በቴሌግራም ያየውን ዕቃ ከአዲስ አበባ መግዛት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ምን ያደርጋል? እዚያ ላለ ዘመዱ ይደውላል። «እስኪ ሱቁ ድረስ ሄደህ እይልኝ» ይለዋል። ዘመድ ከሌለው ወይ ደፍሮ ብሩን ይልካል፣ ወይ ይተወዋል። ቅዳሜ ገበያ ያለው የሀገር ልብስ ነጋዴም ያው ነው። ቀሚሱን በአውቶቡስ ለመላክ «ቅድሚያ ክፈሉ» ይላል፤ ገዢው ደግሞ «ሳላይ አልከፍልም» ይላል። ንግዱ እዚያው ይቀራል።

ይህን ኋላ ቀርነት የሚሉት አሉ። እኔ አልስማማም። ቴሌብር ከመጣ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ብር መላክ ማንንም አላቃተም። ሰው የሚፈራው የላከው ብር ሳይመለስለት እንዳይቀር ነው፤ ቢፈራም አይፈረድበትም።

ሕግ የለም ማለቴ አይደለም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 በ2012 ዓ.ም. ወጥቷል። በስልክ የተጻጻፍነው ነገር ወረቀት ላይ ስላልሰፈረ ብቻ ዋጋ አያጣም። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን አዘዞ ያለች እናት 1,500 ብር ከፍላ የተቀደደ ቀሚስ ቢደርሳት የት ትሂድ? ፍርድ ቤት ብትመላለስ የትራንስፖርቱ ወጪ ከቀሚሱ ዋጋ ይበልጥባታል።

ቻይና እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በኢንተርኔት የተገዛን አብዛኛውን ዕቃ በ7 ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት መመለስ ፈቅዳለች። እ.ኤ.አ. በ2019 ሥራ ላይ የዋለው ሕጓ ደግሞ የሻጩን ጥፋት እያወቀ ዝም ያለውን የኢንተርኔት የገበያ መድረክ ጭምር ተጠያቂ ያደርጋል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2007 በስልክ ገንዘብ የሚላክበትን ኤምፔሳን ስትፈቅድ የክፍያ ሕጓ ገና አልወጣም ነበር፤ የደንበኛው ገንዘብ ግን በባንክ በአደራ ሒሳብ እንዲቀመጥ ተደርጓል። ሁለቱም ያስቀደሙት የተራውን ሰው ብር ነው።

ኢንተርኔቱንም ሳላነሳ አላልፍም። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር። በገጹ ብቻ ይሸጥ የነበረ ወጣት ደንበኞቹን በዚያው አጣ። መንገድ ዘግቶ «ገበያ ውጡ» ማለት አይቻልም።

የከተማችን ንግድ መምሪያ አዲስ አዋጅ መጠበቅ የለበትም። የቴሌብር ደረሰኝና የቴሌግራም መልእክት ተቀብሎ ሻጩን ጠርቶ የሚያነጋግር አንድ ባለሙያ ይመድብ። ከጎንደር የሚሸጡ ነጋዴዎችም የንግድ ፈቃድ ቁጥራቸውን ገጻቸው ላይ ይለጥፉ። ይህን ከሀገር ልብስ ነጋዴዎች መጀመር ይቻላል።