ለክቡር አቶ መቆራረጥ፤ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ትክክለኛ አድራሻዎን እንዲያሳውቁ ስለመጠየቅ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእርስዎ በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

«ባሉበት» ያልኩት የት እንዳሉ ስለማላውቅ ነው። በዚህች ባለ አንድ ፒስተን፣ 125 ሲሲ፣ ባለ ካርብራቶር (አየርና ቤንዚን የሚያቀላቅለው ክፍል) አሮጌ ሞተር ሳይክሌ ውስጥ እንደሚኖሩ ግን ጥርጥር የለኝም። የኪራይ ውል የለዎትም። ቤንዚኑን ግን አብረው ይጠጣሉ፤ ዳገት ሲመጣ ደግሞ ገፍቼ የምወጣው እኔው ነኝ።

በቅድሚያ ስለ ጨዋነትዎ። ሰፈር ለሰፈር ሞተሯን ሲያንተባትቧት፣ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ውስጥ ጥይት ሲተኩሱና የመንገዱን ውሻ ሁሉ ሲያስጮሁብኝ ይውላሉ። ጋራዥ በር ላይ ስንደርስ ግን የለም! ሞተሯ ኩልል ትላለች። መካኒኩ ጋዝ ሰጥቶ፣ ጆሮውን ጣል አድርጎ፣ «ምን ሆነች? ደህና ናት እኮ» ይለኛል። አስተያየቱም ደስ አይልም፤ የታመምኩት እኔ እንደሆንኩ ሳያስብ አልቀረም። ከፍዬ እወጣለሁ። ጥጉን ዞር ስል፣ ጧ! እንኳን ደህና መጡ።

የጎረቤት ምክርም አልቀረልኝም። በዚህ አገር ሞተር መንገድ ላይ ቆሞ ምርመራ ሳያገኝ አይቀርም። ቡና የምታፈላውም፣ ሊስትሮውም፣ ሞተር ላይ ወጥቶ የማያውቀው ጎረቤቴም ፍርዳቸው አንድ ነው፦ «ካንዴላው ነው፤ ቀይረው!» ይህን ብልጭታ ሰጪ ቀየርኩት። እርስዎም አዲሱን ካንዴላ በክብር መርቀው ከፈቱት።

ካንዴላው እኮ ምስክር ነው እንጂ ተከሳሽ አይደለም። ሰው ምስክሩን ቃሉን ሳይሰማ ይጥላል? ጫፉ ማኪያቶ መልክ ካለው ማቃጠሉ ደህና ነው። ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ፣ ወይ ቤንዚን በዝቷል፣ ወይ ዲፕራተሩ (የአየር ማጣሪያው) በአቧራ ታፍኗል፣ ወይ ብልጭታው ደክሟል። ከነጣ ቤንዚን አንሶታል፤ ወይም ካርብራቶሩን ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) የሚያገናኘው ጎማ ተሰንጥቆ አየር ያስገባል። በዘይት ከራሰ ደግሞ ነገሩ ወደ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) እና ወደ ቫልቭ ሄዷል፤ ያኔ ለኪሴ ጸልዩልኝ።

ሐሜት እንዳይሆንብኝ የሌላውን ኃጢአት በእርስዎ ላይ አልጭንም። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ። እዚያ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ይሳሳል። ምስኪን ካርብራቶር ለቆላ የተለካለትን ቀዳዳ ይዞ ደጋ ይወጣል። አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጉልበትም ይወርዳል። ስለዚህ ሞተሬ የጣርማበር ዋሻ አፍ ላይ ስታቃስት የተራራውን ድርሻ ከክስዎ ቀንሻለሁ። ፍሪሲዮን (ክላች) ሲንሸራተትም እንዲሁ፤ ሞተሩ እየጮኸ ጎማው የማይከተል ከሆነ እርስዎ የሉበትም። የቀረው ግን የእርስዎ ነው።

ቤንዚን የጠፋ ሰሞን ደግሞ እንዴት እንደተመቸዎት! ከመንገድ ዳር በሃይላንድ ገዛሁ፤ ምን ላድርግ? በማግስቱ የካርብራቶሩን ሥር ቡሎን ላላ አድርጌ የወረደውን በብርጭቆ ተቀበልኩ። ላይ ላዩ ቤንዚን ነው። ሥሩ ላይ ግን አንዲት የውሃ እንክብል ተቀምጣለች፤ ብርጭቆውን ባዘነብለው ከቤንዚኑ ሳትቀላቀል ወዲያ ወዲህ ትንከባለላለች። ጠርሙሱ ድሮም የውሃ ነበር፤ ልማዱን አልተወም። እርስዎም እዚያች እንክብል ላይ ሆነው ሲስቁብኝ የታየኝ መሰለኝ።

የዘላለም ኩራትዎ ግን ሌላ ተንኮል ነው። ሃያ ደቂቃ በሰላም እንጓዛለን። ከዚያ ጉልበት መንመን፣ መንመን፣ ቀጥ! ጥላ ሥር አረፍ ብዬ፣ ላቤን ጠርጌ፣ ፔዳሏን ስረግጣት ምንም እንዳልተፈጠረ ትነሳለች። ለዚህ ጥፋት ሁለት ዋና ተጠርጣሪዎች አሉ፤ ሁለቱም የእርስዎን ኮት ለብሰው ይሄዳሉ። አንዱ ሲሞቅ የሚሰንፍና ሲበርድ የሚያገግም ቦቢና (ለካንዴላው ኃይል የሚሰጠው ጥቅል ሽቦ) ነው። ሌላው የታንከሩ ክዳን ነው። አዎ፣ ክዳኑ! የአየር መግቢያ ቀዳዳው በጭቃ ሲደፈን ቤንዚኑ መውረድ ያቅተዋል፤ ስናርፍ ቀስ በቀስ አየር ይገባና ይወርዳል። ሰው ግን ቦቢና ይቀይራል፤ ቦቢና ቀይሮ ካርብራቶር ያሳጥባል፤ ካርብራቶር አሳጥቦ ሞተሩን ይረግማል።

ሁለቱን መለየት ሳንቲም አያስወጣም፤ ሰዓቱን መያዝ ብቻ ነው። ልክ እንደቆመች ክዳኑን መክፈት። «ፉስ» ብሎ አየር ከሳበና ሞተሯ ከተነሳች ጥፋተኛው ተገኘ። ካልሆነ ክዳኑን መልሶ መዝጋትና ትርፍ ካንዴላ ከኮፍያው ጋር አያይዞ፣ ብረቱን ቤንዚን ከሌለበት የሞተሩ አካል አስነክቶ፣ ፔዳሏን መምታት። ብልጭታው ሰማያዊና ጠንካራ ከሆነ ቦቢናውን እንፈታለታለን፤ ቀጭንና ቢጫ ከሆነ ወይም ከጠፋ ይታሰራል። ይህ ሁሉ ግን ሞተሯ ሳትበርድ ነው። ጎትቶ ጋራዥ ማድረስ ማለት ለእርስዎ የማምለጫ ጊዜ መስጠት ነው፤ እዚያ ስንደርስ ቦቢናው በርዶ፣ ቀዳዳው ተንፍሶ፣ «ደህና ናት እኮ» ይሆናል።

የክረምት መኖሪያዎን ደግሞ ደርሼበታለሁ። ዝናብ ሲያካፋ ካንዴላው ኮፍያ ውስጥ ይገባሉ። ማታ መብራት አጥፍቼ ሞተሯን አስነስቼ ጎንበስ ስል፣ በተሰነጠቀው የካንዴላ ሽቦ ላይ ቀጫጭን ሰማያዊ ብልጭታዎች ወደ ሞተሩ አካል ሲዘሉ አየሁ። እጄን አልዘረጋሁም፤ ሰላምታዎ እንደሚነዝር ከሌሎች ሰምቻለሁ።

ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳይሰጥ) ጨዋ ሆነው ጋዝ ሲሰጥ የሚታነቁ ከሆነ ትልቁ የቤንዚን ቀዳዳ ውስጥ ነዎት። በተቃራኒው ከሆነ ትንሿ ውስጥ። ቫልቮቹም ቢሆኑ ቢለኩ ጥሩ ነው፤ በብዙ 125 ሲሲ ሞተሮች ክፍተቱ 0.1 ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ነው፤ ሲጠብ ደግሞ እርስዎ ይሰፋሉ።

ስለዚህ ጠዋት በብርድ፣ ቀትር በሙቀት፣ ዳገት ላይ፣ ዝናብ ላይ፣ መቼና የት ብቅ እንዳሉ በደብተር መመዝገብ ጀምሬያለሁ። እስካሁን የተያዘብዎ ማስረጃ ቀላል አይደለም። በገዛ ፈቃድዎ ቀርበው አድራሻዎን ቢያስመዘግቡ ይሻላል።

አይሆንም ካሉ ሞተሯን ከነእርስዎ እሸጣታለሁ። ማስታወቂያው ላይም «በጣም ንጹህ፤ ነድቶ መሞከር ይቻላል» ብዬ እጽፋለሁ። ገዢ ፊት እንደ ልማድዎ ጨዋ እንደሚሆኑ ሙሉ እምነት አለኝ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለቦቢና፣ ለታንከር ክዳንና ለካርብራቶር፤ እርስ በርስ እንዳይወነጃጀሉ
ለጎረቤቴ፤ ካንዴላው መቀየሩን እንዲያውቁት