የዋንዛው ወንበር ክርክር

ክርክሩ የተነሣው በአንድ ወንበር ነው። ወንበሩን የሠራው የምናውቀው ሞብል ሠሪ ነው። አልጋ፣ ቁም ሣጥንና ብፌ እየሠራ የሚኖር፣ እጁ የተባረከ ልጅ። ትንሽ ጊዜ ካገኘ ኤግዚቢሽን ማየት ይወዳል። መካኒሳ ካለው ዞማ ሙዚየም እግሩ አይጠፋም። የሥዕል ትርዒት ተከፈተ ሲባል መጋዙን አስቀምጦ ይሄዳል። እሑድ ከሰዓት ሱቁ ውስጥ ቡና ተፈልቶ ተሰብስበን ሳለ አዲሱን ሥራውን ገለጠልን።

መቀመጫውና እግሮቹ ከአንድ የዋንዛ ግንድ የተፈለፈሉ ናቸው፣ እንደ ጅማ በርጩማ። እግሩ ሦስት ነው። መደገፊያው ግን ስፌት ነው። ሞሰብና ሰፌድ የምትሰፋ ሴትዮ ፈልጎ በስንደዶና በአክርማ አሰፍቶታል፤ ጠርዙ ላይ ቀይና ጥቁር አለላ ገብቶበታል። ጠጋ ብዬ አየሁት። ስፌቱ በሙጫ አልተለጠፈም። የእንጨቱን ዳር በትንንሹ በስቶላት፣ የመጀመሪያውን ዙር በወስፌ እያሾለከች ከእንጨቱ ጋር አያይዛዋለች።

«ለምን በኮላ አልለጠፍከውም?» አልኩት።

«እንጨት ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይኮማተራል። ሣሩ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ብለጥፈው ዓመት ሳይሞላው ይላቀቃል። በስፌት ከሆነ ግን አብሮት ይላወሳል» አለኝ።

ይህን የሚያስብ ሰው አናጢ ብቻ አይደለም፤ ዲዛይነር ነው። እኔ እዚያው ላይ ወገኔን ለይቻለሁ።

ከመካከላችን አንዱ የቤት ዕቃ አስመጪ ነው። ወንበሩን ዞር ብሎም አላየውም። ስልኩን አወጣና የሶፋ ፎቶ እያሳየ ጀመረ።

«ወንድሜ፣ ደንበኛ የሚፈልገው ይሄን ነው። ይሄ ያንተ ነገር ሙዚየም ይቀመጥ እንደሁ እንጂ ማን ይገዛዋል? ኤግዚቢሽን የሠዓሊ ነገር ነው። አንተ ሥራህን ሥራ። ዲዛይን ከፈለግክ ስልክህ ላይ ሞልቷል፣ እየቀዳህ መሥራት ነው።»

ሙግቱ ይሄው ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይኸው ሲደጋገም ነው። አንዴ «ገበያው አይፈልግም» ይላል፣ አንዴ «ዘመኑ አልፎበታል» ይላል፣ መልሶ ደግሞ ፎቶውን ያሳያል። ኤግዚቢሽን ሲባል እሱ የሚያውቀው የበዓል ባዛር ነው። ብርድ ልብስና መጥበሻ ገዝቶ የሚወጣበት። ያላየውን ነገር ነው የሚያጣጥለው።

ያን ጊዜ ጡረታ የወጡት መምህርታችን ሲኒያቸውን አስቀመጡና «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

አስመጪው ሳቀ። «እትዬ፣ ወርቅ እኮ የሚሸጥ ነገር ነው። ይሄ ሣር ነው።»

ልጁ አልተቆጣም። ዞማ ያየውን ነገረው። ዞማን ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና የሥዕል ትርዒት አዘጋጇ መስከረም አሰግድ ናቸው የመሠረቱት፣ ሙዚየሙ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው። አያቶቻችን ቤት የሠሩበት ጭቃ። «መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ሥዕሉን ትቼ ግድግዳውን ነው በእጄ የዳበስኩት» አለ ልጁ። «እኛ ቤት ጭቃው ሲታይ ያሳፍረናል። ብሎኬት መግዣ እስክናገኝ ነው የምንታገሠው። እዚያ ግን ጭቃውን አጊጠውበታል፣ ፈረንጅም ሐበሻም ሊያየው ይመጣል። የኤልያስንም ሥራ ብታይ፣ መርካቶ ውስጥ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ከምናለሽ ተራ የተለቀመ የኮምፒውተር ቦርድና ሽቦ ነው። ሽቦው እንደ ሹሩባ ተጎንጉኗል። አንዷን ሰሌዳ ለመጨረስ ስንት ሰው ስንት ቀን እንደተቀመጠ አስበው። እኔ የእሱን አልቀዳሁም፣ ልቅዳ ብልም አልችልም። ግን ወጥቼ ወደ ሱቄ ስሄድ አንድ ነገር ጠየቅኩ። እኛ ሰፈር የሚጣለው፣ የሚናቀው ምንድነው? እናቴ ቤት ጣሪያው ላይ የተሰቀለው አሮጌ ሌማት ትዝ አለኝ።»

ወንበሩ የመጣው ከዚያ ነው። ትርዒት ሄዶ ማየት ለሠሪ ሰው የሚጠቅመው በዚህ ነው። የሌላውን ሰው ሥራ አይተህ፣ የራስህን ቤት ዕቃ በአዲስ ዓይን ታያለህ። ፎቶ መቅዳት ይሄን አያስተምርም። ፎቶ ላይ ስፌቱ ከእንጨቱ ጋር እንዴት እንደተያያዘ አይታይማ!

እኔም የማውቀውን ጨመርኩ። ጆሞ ታሪኩ የሚባል በአሜሪካ የሚኖር ኢትዮጵያዊ የወንበር ዲዛይነር አለ። አንዱን ወንበሩን ከሚዶ፣ ሌላውን ከደብተራው መቋሚያ፣ ሌላውን ደግሞ ከደጋ አጋዘን ቀንድ ተነሥቶ ነው የሠራው። ኒው ዮርክ ያለው ሜትሮፖሊታን ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2021 በከፈተው የአፍሮፊውቸሪዝም ክፍል፣ ማለት የጥቁር ሕዝብን ነገ በምናብ በሚያሳየው የጥበብ ክፍል፣ ሥራው ገብቷል። ሚዶ! በየቤታችን የተሰባበረ ሚዶ አለ፣ ማናችንም ወንበር አላየንበትም።

አስመጪው አሁንም መልስ አላጣም። «እሱ አሜሪካ ስላለ ነዋ።»

መምህርታችን ቀና አሉና «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» አሉት ደግመው። እውነትም ከዚህ የተሻለ መልስ የለውም። ሰውየው ራሱ እኮ አመነ። ዕቃው ከውጭ ሲመጣ ወርቅ ነው፣ እዚህ ሲሠራ ሣር ነው። ያው ሚዶ፣ ያው መቋሚያ፣ ያው ዋንዛ ነው። የተለወጠው የመጣበት በር ብቻ ነው።

አስመጪው በመጨረሻ «ገበያ ይፍረደን» ብሎ ተነሣ። ገበያውን ማን እንደሠራው ግን አልተናገረም። ለሰው ሌላ ምርጫ ሳታሳየው «ሰው ይሄን ነው የሚወደው» ማለት ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

የእኔ ፍርድ ግልጽ ነው። ልጁ ልክ ነው፣ ወንበሩም ያምራል፣ ይሠራልም። ተቀምጬበታለሁ። ጀርባ አይቆረቁርም፣ ሦስት እግሩም ባልተስተካከለ ወለል ላይ አይናጋም። ነገሩ ግን ከአንድ ወንበር ያልፋል።

ንቀቱ የቆየ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ አዋጅ ማውጣት ነበረባቸው። ብረት የሚሠራው ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራው ቁጢት በጣሽ እየተባለ ይሰደብ ነበር። ነጋዴው ራሱ መጫኛ ነካሽ ይባል ነበር። አዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት አልፎታል። ነጋዴው ከስድቡ ወጥቷል፣ ዛሬ የተከበረ ሰው ነው። ሠሪው ግን እዚያው ነው። ልጅ ትምህርት ሲሰንፍ ዛሬም «አናጢ ሆነህ ትቀራለህ» ብለን እናስፈራራዋለን። ሙያውን ማስፈራሪያ አድርገነው ስናበቃ፣ ጥሩ ባለሙያ ጠፋ ብለን እናማርራለን።

ሠርግ ሂዱና እዩ። ጥለቱ በማሽን የታተመ ቀሚስ ስንቱ ለብሶት ይታያል። ገልብጣችሁ ብታዩት በጀርባው ቀለሙ የለም፣ ነጣ ያለ ጨርቅ ነው። ሸማኔው የሠራው ጥለት ሲገለበጥ ክሩ እዚያም ይታያል፣ ምክንያቱም ከድሩና ከማጉ ጋር አብሮ ነው የተሠራው። እሱን የሠራው ሰው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ፣ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ እያሳለፈ ሲውል ውሏል። ከጥጡ ጀምሮ ደግሞ እንዝርት ይዛ የፈተለች ሴት አለች። ይሄን ሁሉ ድካም ባንድ ቀን በታተመ ጨርቅ ለውጠን «የባህል ልብስ ለበስን» እንላለን። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት እኮ ይሄው ነው፤ መዳቡን ራሱ ወርቅ ብለን ለብሰነዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያበሳጨኝ የዋጋው ነገር ነው። ያው ሰው ትልቅ መደብር ገብቶ ሶፋው ላይ የተለጠፈውን ዋጋ አይቶ ዝም ብሎ ይከፍላል። መከራከር ያሳፍረዋል። ሽሮ ሜዳ ሲወጣ ግን አፉ ይፈታል። ሳምንት የተለፋበትን ጋቢ አንሥቶ «አትቀንስም? ኧረ ቀንስ! ክር አይደል እንዴ!» ይላል። ስፌት ሰፊዋንም እንደዚያው። የሣሩን ዋጋ ይገምትላትና የእጇን ዋጋ ዜሮ ያደርገዋል። ለማሽን የማይነፍገውን ብር ለሰው እጅ ሲሆን ይሰስተዋል፤ ከዚያ ደግሞ ልጁ ወንበሩን ስንት እንደሚሸጠው ጠይቆ «ተወደደ» የሚለው እሱ ነው።