ማስተካከያ፦ የኮርቲዞል ምርመራ ሰዓት አለው

ባለፈው ጽሑፌ «የጭንቀት ሆርሞን የሚባለውን ኮርቲዞል በፈለጋችሁት ሰዓት በደም መለካት ትችላላችሁ» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ። ኮርቲዞል ጠዋት ከፍ ይላል፣ እኩለ ሌሊት አካባቢ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ደም የሚወሰደው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ነው። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ የተሰጠ ደም በጠዋቱ መለኪያ ከታየ ጤነኛውን ሰው «ሆርሞንህ አንሷል» ሊያስብለው ይችላል።

ሌላም አለ። ከአራት ኪሎ ፒያሳ በታክሲ ግፊያ መጥታችሁ፣ ደረጃውን ሮጣችሁ ወጥታችሁ ወዲያው ክንዳችሁን አትዘርጉ። ትንሽ አረፍ በሉ። መርፌ መፍራት ራሱ ቁጥሩን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ኤስትሮጅን የሚባል ሆርሞን ያለበት የወሊድ መከላከያ ክኒንም እንዲሁ። ፕሬድኒሶሎን (ኮርቲዞልን የሚመስል መድኃኒት) የምትወስዱ ደግሞ ቀድማችሁ ለሐኪሙ ንገሩት። በራሳችሁ ግን እንዳታቋርጡት፣ አደገኛ ነው።