ከሻዩ ይልቅ የፍርድ ቤቱ በር

የአሜሪካ አብዮት ሲነሣ ሻዩ ይቀድማል። ዲሴምበር 16 ቀን 1773 (ቀኑ ሁሉ በፈረንጆች ነው) ማታ፣ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በነበረችው በማሳቹሴትስ፣ ቦስተን ወደብ ላይ የሻይ ቀረጡን የተቃወሙ ሰዎች 342 ሣጥን ሻይ ባሕር ጣሉ። ለወሬ የሚመች ታሪክ ነው። ጦርነቱን የወለደው ግን እሱ አይመስለኝም፤ የእንግሊዝ ፓርላማ የዚያ ዓመት የሻይ ሕግ እኮ ቀረጡን ባያነሣም የሻይን ዋጋ የሚያረክስ ነበር።

ነገሩን ያከረረው የለንደን ቅጣት ነው። ፓርላማው በ1774 የቦስተንን ወደብ ዘጋ፤ ይህ ነጋዴውን ይጎዳል። ገበሬውን ያስነሣው ሌላኛው ሕግ ነው። የማሳቹሴትስ ላዕላይ ምክር ቤት በንጉሡ እንዲሾም፣ የከተማ ስብሰባ ያለ ገዥው ፈቃድ በዓመት ከአንዴ በላይ እንዳይደረግ፣ ዳኛውንም ሸሪፉንም (የአውራጃውን ሕግ አስከባሪ) ገዥው ብቻውን እንዲሾም ደነገገ። ገበሬው በዕዳ ተከሶ የሚቆመው፣ መሬቱንም የሚያጣው በእነዚሁ ዳኞች ፊት ነው።

በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 6 ቀን ዉስተር በምትባል የማሳቹሴትስ ከተማ ውስጥ ፍርድ ቤቱ ሊከፈት ሲል ከ37 ቀበሌዎች የተሰባሰቡ 4,622 ሚሊሺያዎች በሩን ዘግተው ጠበቁ። ዳኞቹን ባርኔጣቸውን በእጃቸው አስይዘው፣ በሁለት ረድፍ በተሰለፈው ሕዝብ መሀል አሳለፏቸው። ወደ ኋላ የቆመውም እንዲሰማ፣ በአዲሱ ሕግ ላለመሥራት የገቡትን ቃል ከሠላሳ ጊዜ በላይ ደጋገሙት። ጥይት አልተተኮሰም። ገዥው ጄኔራል ቶማስ ጌጅ ከቦስተን ውጭ ትእዛዙን የሚፈጽምለት እያጣ ሄደ።

እንዲህ ካየነው የሌክሲንግተኑ ተኩስ የጠፋውን ግዛት ለማስመለስ የተደረገ ሙከራ ነው። አፕሪል 19 ቀን 1775 ኮንኮርድ የተከማቸውን የጦር መሣሪያ ሊያጠፉ 700 ያህል ወታደሮች ሲያልፉ፣ 77 ያህል ሚሊሺያዎች ሌክሲንግተን ላይ ቆመው አገኟቸው። ማን ቀድሞ እንደተኮሰ አሁንም ያከራክራል፤ እኔን ክርክሩ ብዙም አያጓጓኝም። ስምንት ሚሊሺያዎች ወደቁ። ቀኑ ሳይመሽ እንግሊዞች 73 ሰው ሞተባቸው።

ፊላደልፊያ የተሰበሰበው ኮንግረስ (የቅኝ ግዛቶቹ ተወካዮች ጉባኤ) ከዚያም በኋላ፣ በጁላይ፣ ለንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ የዕርቅ አቤቱታ ጽፏል። ንጉሡ ሳይቀበለው በኦገስት ዐመፀኞች ብሎ ዐወጀባቸው። የዉስተር ሰዎች ግን ለብረት ቀጥቃጩ ወኪላቸው ለቲሞቲ ቢግሎ፣ አሮጌው ሥርዓት ፈርሷልና አዲስ መንግሥት ይቁም ብለው መመሪያ የሰጡት ኦክቶበር 4 ቀን 1774 ነበር፤ ከነጻነት አዋጁ 21 ወር ቀድመው።