የላበው መብራትና አማካሪዎቹ

መኪና ጥቁር ጭስ እየተፋ ሲያልፍ አፍንጫውን ይዞ ዞር የሚል ሰው፣ የፊት መብራት ውስጥ ጭጋግ ካየ ግን ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም። ነገር በዓይን ይገባል ይባል የለ፤ ይኼኛው የገባው በመኪናው ዓይን ነው። የማይታወቅ ሰው ከመንገድ ዳር ይመጣና ጎንበስ ይላል፤ ፕላስቲኩን በጥፍሩ ኳ ኳ ያደርጋል። "ጋሼ፣ ውሃ ገብቶበታል እኮ!" ይላል፤ ባለመኪናው ዓሣ ሊያረባበት ያጠራቀመው ይመስል። ቀጥሎ ያቺ የምታስፈራ ቃል ትመጣለች፦ "ቀላል ነው።"

ከ"ቀላል ነው" ባዮች መካከል በቁጥር የሚበልጡት የሲሊኮን፣ የዚያ ስንጥቅ መድፈኛ ማጣበቂያ፣ ወገኖች ናቸው። "ዙሪያውን ግጥም አድርገህ ድፈነው፣ አየር እንዳይገባ!" መብራቱ ግን ሆን ተብሎ አየር እንዲገባበት የተሠራ ነው። አምፖሉ ሲበራ ውስጡ ያለው አየር ይሞቃል፣ ይሰፋል፣ መውጫ ይፈልጋል። ሲጠፋ ይቀዘቅዝና ይሰበሰባል፤ የውጭውን አየር ይስባል። ለዚህ ሲባል ከጀርባው መተንፈሻ ቀዳዳዎች አሉት፤ አንዳንዱ ላይ ቁልቁል የታጠፈች የላስቲክ ቱቦ ትሰካለች፣ አንዳንዱ ላይ እንፋሎት አሳልፋ ጠብታ የማታሳልፍ ስስ ሽፋን ትለጠፋለች። የሚገባው አየር እርጥበት ይዞ ይመጣል፤ ቀዝቃዛውን ፕላስቲክ ሲነካ ጤዛ ይሆናል። ሲሞቅ ደግሞ በመጣበት ይወጣል። የሲሊኮኑ ሰው ቀዳዳዋን አብሮ ሲደፍናት ግን ውሃው እዚያው ታስሮ ይቀራል፤ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ። ሰውዬው ሰንበት ብሎ ሥራውን ሊያይ ሲመጣ ጭጋጉ ብሶበት ያገኘዋል። ሐሳቡን ይቀይራል እንዳትሉ። "ሲሊኮኑ አንሷል" ነው የሚለው።

እውነት ለመናገር፣ ይህ ምክር የሚያዋጣበት ዘመን ነበር። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1940 ሞዴል መኪኖች ጀምሮ የፊት መብራት መስታወቱ፣ አንጸባራቂውና የሚነደው ሽቦ አንድ ላይ የታሸገ እንዲሆን አድርጋ ነበር። ጭጋግ ብሎ ነገር የለም፤ ሽቦው ሲቃጠል ግን መብራቱ እንዳለ ተነቅሎ ይጣላል። አምፖሉ ብቻ የሚቀየርበት መብራት እዚያ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። መስታወቱ በፖሊካርቦኔት ፕላስቲክ እየተተካ፣ ቅርፁም ዲዛይነሩ እንዳሻው እየተጠማዘዘ ሄደ። አማካሪያችን ይህን ሁሉ አልሰማም፤ በሐሳቡ አሁንም የሚነዳው ያንን የታሸገውን ነው።

ሁለተኛው ዓይነት አማካሪ ድሪል የያዘው ነው። "ከሥር አንድ ቀዳዳ ብትበሳለት ውሃው ይወርዳል።" መውረዱስ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ግን አቧራው ይገባል፣ የመንገድ ጭቃው ይረጭበታል፣ ሸረሪቷም በሕይወቷ አግኝታው የማታውቀውን መብራት የተገጠመለት ቤት ታገኛለች። ከእሱ የባሰው መብራቱን በምድጃ አሙቆ ማሸጊያውን እያላላ ለሁለት የሚከፍለው ነው። ሙያው ያላቸው በትክክለኛው ሙቀት ይሠሩታል፤ ይኼኛው ግን በግምት ነው፣ ፕላስቲኩም ጠምሞ ሲወጣ "ከፋብሪካው እንዲህ ነው የመጣው" ይላል። በፀጉር ማድረቂያ ለብ አድርገው በጀርባ ቀዳዳው የሚያደርቁትን ግን አልነቅፍም፤ ቢያንስ ውሃውን ያስወጣሉ። የገባበትን በር ስለማይዘጉ በሚቀጥለው ዝናብ ማድረቂያውን ይዘው መመለሳቸው ነው ችግሩ።

ትክክለኛው መልስ አሰልቺ ነው፤ አማካሪ ያጣውም ለዚህ ይመስለኛል። ከዝናብ፣ ከብርዳም ሌሊት ወይም ከእጥበት በኋላ ጠርዙ ላይ ስስ ጭጋግ ከታየ፣ መብራቱን አብርቶ መንዳት ነው። በራሱ ይጠፋል። ኤልኢዲ ከሆነ ትንሽ ይዘገያል፤ ሽቦው ግሎ እንደሚያበራው የሃሎጅን አምፖል ሙቀቱን ወደ ፊት አይረጭም፣ የሚሞቀው ከጀርባው ነው። ይህን ለባለመኪናው መንገር ግን ከባድ ነው። ምንም አታድርግ ከሚለው ሐቀኛ ይልቅ፣ እጁን ጠቅልሎ መኪናውን የሚያበላሽለትን ያመሰግናል።

ጠብታው ተንቆርቁሮ ከሥር ከተጠራቀመ፣ በአንደኛው መብራት ላይ ብቻ ከሆነና ቢነዱትም አልጠፋ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ወይ ፕላስቲኩ ተሰንጥቋል፣ ወይ ማሸጊያው ለቋል፣ ወይ ደግሞ የጀርባው ክዳን የለም። ይህን የመጨረሻውን ልብ በሉልኝ። አምፖሉ በተቀየረ ቀን ክዳኑ ተፈትቶ ባትሪው ላይ ተቀምጧል። ቀያሪው አብርቶ አየ፣ በራ፣ ኮፈኑን ዘጋ። ያቺ ጥቁር ክብ ላስቲክ ባትሪው ላይ ስትንቀጠቀጥ ቆይታ ወደ ሥር ትወድቃለች፤ አቧራና ዘይት ተለውሳ አንድ ቀን ትገኛለች። ባለመኪናው አንስቶ ያገላብጣታል። "ይቺ ደግሞ የምንድን ናት?" በእጁ ጠርጎ ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ይከታታል፤ እዚያ ከየት እንደወለቁ የማይታወቁ ብሎኖች ይቀበሏታል። ከዚያም ሲሊኮን ሊገዛ ይሄዳል።

እኔን የሚደንቀኝ ይህ ሁሉ ሸንጎ ለፊት መብራት ብቻ መሰየሙ ነው። የኋላ መብራት ላይ ላስቲኩ ደርቆ ውሃ ሲገባ ማን ጎንበስ ይላል? አምፖሉ የሚሰካበት ብረት ቀስ እያለ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፤ ፍሬቻው ደከም ይላል፣ አንድ ቀን የፍሬን መብራቱ ይጠፋል። ባለመኪናው የራሱን ኋላ አያይም። የሚያየው ከኋላው የሚነዳው ሰው ነው፤ እሱም ወርዶ ከመንገር ይልቅ ክላክሱን አንባርቆ ያልፋል። ያኛውም የሚያውቀው ሰው መስሎት፣ እጁን በመስኮት አውጥቶ ሞቅ ያለ ሰላምታ ይሰጠዋል።