ይድረስ ለክቡር ታይሚንግ ቺንጋ

ጉዳዩ፦ ሐረጎ ላይ ስላዋረዱን

ክቡር ሆይ፣

ሞተሩ ውስጥ ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ (ክራንኩን) ቫልቮቹን ከሚከፍተው ዘንግ (ካምሻፍቱ) ጋር የሚያያይዙት ባለ ጥርስ የጎማ ቀበቶ እርስዎ ነዎት። ሰኞ ከባቲ ገበያ ስንመለስ ያደረጉንን ሳይቀዘቅዝ እንጻፍልዎ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚያወጣው የሐረጎ ጠመዝማዛ እኩሌታ ላይ፣ ሳል የለ፣ ጭስ የለ፣ ሞተሩ እንደ ኩራዝ እፍ። ረዳቱ ዘሎ ታኮ አስገባ። ሹፌሩ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ እንደ ወትሮው እየታገለ ሳይሆን ባዶውን፣ ቀለል ብሎ ተሽከረከረ። ያ ቀለል ያለ ድምፅ የእርስዎ መርዶ ነበር፤ የሰማው ግን የለም። አንዱ «ባትሪ ነው» አለ። ሌላው ናፍጣው ውስጥ ውሃ አገኘ። ዶሮ የታቀፈው ሁሉ ወረደና ዶልፊን ሚኒባሷን አፍንጫዋን ወደ ኮምቦልቻ አዙረን፣ በሁለተኛ ማርሽ እንድትነሳ «አይዞህ ልቀቃት!» እያልን ገፋናት።

እርስዎ ሲበጠሱ ካምሻፍቱ ባለበት ይቆማል፤ ተከፍቶ የቀረ ቫልቭም እንደተከፈተ ይቀራል። በዲዝል ሞተር ፒስተኑ ከታች ሲመጣ መሸሻ ቦታ የለም። በመጀመሪያው ምት የተረፈ ቫልቭ ከነበረ፣ እኛ በትከሻችን ገፍተን፣ በጭብጨባ አጣመምነው። በመጨረሻ አይሱዙ በገመድ እየጎተተ፣ ደሴ ፒያሳ ላይ ቡና የሚጠጣው ሁሉ እያየን አስገባን። አንድ አባት ከበረንዳ ሆነው «አብሽሩ» አሉን። ከስድቡ ይልቅ እሱ አመመን።

በቶዮታው 5ኤል ሞተር 100,000 ኪሎ ሜትር፣ በ2ኬዲ 150,000 እንደሚያገለግሉ መጽሐፉ ይላል። ግን እርስዎ ኪሎ ሜትር መቼ ቆጥረው ያውቃሉ? የሚቆጥሩት ዙር ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ 600 ሜትር ገደማ ሽቅብ በሁለተኛ ማርሽ ሲወጣ፣ ለዚያው ኪሎ ሜትር ከቆቦ ሜዳ ይልቅ ብዙ ዙር ይዞራሉ። የናፍጣ ሰልፍ ላይ ሞተሩ ሳይጠፋ ግማሽ ቀን ስንውል ደግሞ ዳሽቦርዱ ዜሮ ይጽፋል፤ እርስዎ ጥርስዎን ይበላሉ። ኪሎ ሜትሩ ተቀንሶ የገባ መኪና ከሆነማ ቁጥሩ ተረት ነው፤ እርስዎ የተቀየሩበት ማስረጃ ከሌለ መኪናው እንደተገዛ እርስዎን መቀየር ነው።

ለቦሎ ስንሰለፍ መብራትና ፍሬን ይታያል። የእርስዎን ሽፋን የሚከፍት አላየንም።

መለዋወጫ ሱቅ ስንሄድ ዋናው፣ ኮፒውና «ከዋናው የማይለየው ኮፒ» ይቀርቡልናል።

ሲቀየሩ የሚጠይቁት ፕሮቶኮልም የሚኒስትር ነው። የባትሪው ገመድ ይነቀል፤ አንደኛው ፒስተን አናት ላይ ይቁም፤ የክራንኩ፣ የካምሻፍቱ (የካሙ)፣ በ5ኤል ደግሞ የናፍጣ ፓምፑ ምልክቶች ከየፊታቸው ምልክት ይግጠሙ። አዲሱ አይታጠፍ፣ አይጠምዘዝ፣ በካቻቢቴ አይገፋ፤ ውስጡ ያለው የመስታወት ክር ከተሰበረ ከላይ ጎማው ደህና ይመስላል። እርስዎን የሚወጥረው ቴንሽነርና ኩሽኔታው አብረው ይቀየሩ፤ የውሃ ፓምፑም በእርስዎ የሚዞር ከሆነ እንዲሁ። ዘይት የሚያፈስ «ሲል» (የዘይት ማገጃ ጎማ) ካለ ሳይቀየር አይዘጋ፤ ዘይት የነካው ጎማ ያብጣል፣ ጥርሱም ይረግፋል። ከዚያ ክራንኩ በቁልፍ፣ በእጅ፣ ሁለት ሙሉ ዙር ይዙርና ምልክቶቹ እንደገና ይታዩ፤ ካሙ አንድ ዙር የሚሞላው ክራንኩ ሁለት ሲዞር ነውና። መሃል ላይ ደንቀፍ ካለ ማስገደድ የለም። በ5ኤል የናፍጣ ፓምፑ ላይ አንድ ጥርስ ከሳተ መኪናዋ ጠዋት ለመነሳት ትለምናለች፣ ታጨሳለች፣ ሐረጎ ላይ ጉልበት ታጣለች። ብዙ ጋራዥ ይህን የሁለት ዙር ነገር «አስነስተን እንየው» ብሎ ያልፈዋል። አስነስቶ ማየት!

አንተ ጎማ! አዎ፣ አንተ። ያን ቀን መኪናዋ ቁልቁል ስትለቀቅ ሞተሯ ጠፍቶ ነበር። ሞተር ሲጠፋ ለፍሬኑ አጋዥ የሚቀረው ሁለት ሦስት ርግጫ ነው፤ ከዚያ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል፣ መሪው ይከብዳል። ሹፌሩ ብቻውን ውስጥ ነበር፣ ከፊቱ ገደል። በእጅ ፍሬን፣ ጫፉ ላይ ቆመች። ይህ ሁሉ የሆነው ዳሽቦርዱ ላይ «ቲ በልት» የሚለው የቺንጋ መቀየሪያ መብራት ከበራ ከወራት በኋላ ነው። መብራቱ አንተን አይቶ ሳይሆን ኪሎ ሜትር ቆጥሮ ነው የሚበራው፤ ቢሆንም በርቶ ነበር። አንድ ሰው፣ ሆን ብሎ፣ በጥቁር ናስትሮ ሸፈነው። የሞተሩ አናት፣ ቴስታታው፣ ሲወርድ ናስትሮው አሁንም እዚያው ነበር፤ ጠርዙ በጥንቃቄ በመቀስ ተቆርጧል።

ከአክብሮት ጋር፣
ታኮ ያነሱ መንገደኞች

ግልባጭ፦
ለቴንሽነር
ለናስትሮው ባለቤት