ቀብድ የሌለው ሙያ

ከሦስት ዓመት በፊት ቡና ቆልቶና ፈጭቶ በከረጢት የሚሸጥ አንድ ነጋዴ ለምርቱ ሎጎ እንድሠራለት ፈልጎ ቦሌ አካባቢ ካለ ካፌ ቀጠረኝ። በዕድሜ አባቴ የሚሆን፣ አነጋገሩ ለስላሳ፣ ሥራውን ከልቡ የሚወድ ሰው ነው። ማኪያቶ አዝዞልኝ ስለ ንግዱ አጀማመር ሲያጫውተኝ፣ የቡና መቁያ ማሽኑን ላስመጣለት ሰው ግማሹን በቅድሚያ እንደከፈለ፣ ለከረጢት አታሚውም እንዲሁ እንዳደረገ፣ የሱቁን በርና መደርደሪያ ለሚሠራው ብረታ ብረት ቤት ደግሞ ከግማሽ በላይ ቀብድ እንደሰጠ በዝርዝር ነገረኝ። የእኔ ተራ ደርሶ ዋጋዬ 8,000 ብር እንደሆነና ግማሹን ሥራ ሳልጀምር እንደምቀበል ስነግረው ግን ከልቡ ተገርሞ ሳቀ። «የኔ ልጅ፣ ቀብዱ ለምኑ ነው? ዕቃ አትገዢበት!»

በጥያቄው ውስጥ ንቀት አልነበረም። ይህን የምለው ሰውየውን ለመከላከል አይደለም፤ በፍሪላንስ፣ ማለትም ያለ ቋሚ ቀጣሪ፣ የምንሠራ ሰዓሊዎችና ዲዛይነሮች በተገናኘን ቁጥር «ኅብረተሰባችን ለፈጠራ ሥራ ዋጋ አይሰጥም» እንባባላለን፣ ይህ ቅሬታ ግን እኔ ሙያውን ከጀመርኩ ወዲህ የአንዲትም ሥራ ዋጋ ሲያስጨምር አላየሁም። ደንበኛዬ ለሎጎው ዋጋ ባይሰጥ ኖሮ ሱቁን ለሠራተኛ ትቶ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከእኔ ጋር ባልተቀመጠ ነበር። እሱ ያልታየው፣ እኔም ላሳየው ያልቻልኩት ነገር ቢኖር በዚያች ጠረጴዛ ላይ ውል እየተዋዋልን መሆናችን ነው።

ቀብድን አብዛኛው ሰው የዕቃ መግዣ አድርጎ ይረዳዋል። አናጢው እንጨት፣ ልብስ ሰፊው ጨርቅና ገበር ይገዛበታል ብለን ስለምናስብ፣ ዕቃ የማይገዛ ባለሙያ ቀብድ ሲጠይቅ ግር ይለናል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ነገሩን የሚያየው ከዚህ በተለየ መንገድ ነው። በሕጉ መሠረት ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው፤ ተዋዋዮቹ ሌላ ስምምነት ከሌላቸው በቀር ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ትቶ ቢሄድ የሰጠው ገንዘብ ይቀርበታል፣ የተቀበለው ወገን ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ስለ እንጨትም ስለ ጨርቅም የተነሣ ነገር የለም። እኔም ከዚያ ሰው የፈለግሁት 4,000 ብሩን ብቻ አልነበረም፤ ሦስት ሌሊት ሠርቼ ካደርኩ በኋላ «የወንድሜ ልጅ ሞካክሮልኛል፣ ይቅር» እንዳይለኝ፣ እኔም የተሻለ ከፋይ ሲመጣ የእሱን ሥራ ወደ ጎን እንዳላደርግ ሁለታችንንም የሚይዘን ነገር ነበር። ያን ጊዜ ይህን ማስረዳት አላወቅሁበትም፤ በ5,000 ብር፣ ያለ ቀብድና ያለ ወረቀት ተስማማን። ስልኩን አውጥቶ ቁጥሬን «ሎጎ ልጅ» ብሎ ሲመዘግበው አየሁት።

ዕቃ የማይገዛበት የተባለው ሥራ ምን እንደሚመስል በቅርበት ላሳይ። በምርቱ ስም ውስጥ «ቡና» የሚለው ቃል ነበረበት። የ«ቡ» ቅጥያ ወደ ቀኝ ወጥታ «ና»ን ልትነካት ትደርሳለች። ስሙ በሱቁ ታፔላ ላይ በትልቁ ሲጻፍ ይህ አይታወቅም፤ 100 ግራም በሚይዘው ከረጢት ላይ ሲያንስ ግን በሁለቱ ፊደላት መካከል ያለው ክፍተት ይጠብና በኅትመት ጊዜ ቀለም ይሞላዋል። ክፍተቱን ሲያሰፉት ደግሞ ቃሉ ለሁለት የተሰነጠቀ ይመስላል። ስለዚህ ቅጥያዋን አሳጥሮ፣ እግሩን አቅጥኖ፣ በወረቀት አትሞ ማየት፣ ካልሆነ እንደገና መጀመር ነው። ስሙ ከጎኑ በእንግሊዝኛም ስለሚጻፍ ሌላ ጣጣ ይከተላል፤ የላቲን ፊደል ትልቅና ትንሽ አለው፣ የእኛ የለውም፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ አንዱ ሌላውን እንዳያሳንሰው ቁመትና ውፍረታቸውን ማሽን ሳይሆን ዓይን ነው የሚያመጣጥነው።

እኔ የነካካሁት ደግሞ ስድስት ሰባት ፊደል ብቻ ነው። ፎንት፣ ማለትም በኮምፒውተር የምንጽፍበትን የፊደል ቅርጽ፣ ከመነሻው የሚቀርጽ ባለሙያ 33ቱን ፊደላት በሰባት ሰባት ቤት 231 አድርጎ፣ ዲቃላዎቹን፣ ቁጥሮቹንና ሥርዓተ ነጥቡን ጨምሮ አንድ በአንድ ይሥላል፤ ለእንግሊዝኛ የሚቀርጸው ሰው ትልቁንም ትንሹንም ቆጥሮ ያለበት 52 ነው። እንዲህ ያለ የወራት ልፋት የጠየቀ ፎንት በወጣ ማግስት ሰው ሁሉ በቴሌግራም በነፃ ሲቀባበለው ታገኙታላችሁ። የማስታወቂያዎቻችን መልክ የአንድ እናት ልጆች የመሰለውም፣ በእኔ ግምት፣ ፎንት መቅረጽ ለማንም እንጀራ ስለማይሆን ነው።

ከዚያ እርማቱ መጣ። አረንጓዴው ትንሽ ይድመቅ፤ ባለቤቴ ሲኒ ቢኖርበት ትላለች፤ ሲኒው ይቅርና ጀበና ይሁን፤ ጀበናው አንገቱ ረዘመ። አሥራ አንድ ጊዜ አስተካክዬ የተመረጠው በሁለተኛው ቀን ያሳየሁት ነበር። ሦስቱን ሺሕ ብር ፋይሉን በቴሌግራም ስልክለት አስተላለፈልኝ፣ ሁለቱ ሺሕ ከፋሲካ በኋላ መጣ።

የዋጋው ክርክር ሁልጊዜ «ስንት ሰዓት ይፈጅብሻል?» በሚለው ጥያቄ ይጀምራል፤ ጥያቄው በራሱ የተሳሳተ ነው ብዬ አምናለሁ። የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት ሀብተሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ፀጋ» የሚለውን መፈክር ለማሰብ ስንት ሰዓት ፈጅቶባቸው ይሆን? አንድ ምሽት ሊሆን ይችላል፣ ከዚያም ሊያንስ ይችላል። መፈክሩ ግን በ2008 ዓ.ም. «ምድረ ቀደምት» በሚለው እስኪተካ ድረስ በፖስተር፣ በፖስት ካርድና በካኔቴራ ላይ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል አገሪቱን ሲያስተዋውቅ ኖሯል፤ የዲያስፖራ ሬስቶራንቶች ግድግዳ ላይ ዛሬም ተለጥፎ ይታያል። ይህን በሰዓት መተመን ሞኝነት ነው፤ የሚተመነው በአገልግሎቱ፣ ማለትም በየት፣ ለምን ያህል ጊዜና በምን ያህል ስፋት እንደሚሠራበት ነው። በአፍሪካ አዳራሽ ያለውን 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት ያየ ሰው ዋጋ ለመገመት አይቸገርም፤ ግዝፈቱ ራሱ ይናገራል። የሎጎ ችግር ትንሽ መሆኑ ነው፤ በአውራ ጣት የሚሸፈን ነገር በሺዎች ብር መጠየቁ ለዓይን አይዋጥም።

ልማዱ ደግሞ የቆየ ነው። በጥንት አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ከቅዱሳኑ እግር ሥር ተደፍቶ የሚታየው ሰው ሥዕሉን ያሣለው ባለጸጋ ነው፤ ስሙ ከጎኑ ይጻፍለታል። የሣለው ሰው ስም አብዛኛውን ጊዜ የለም። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ፍሬ ጽዮን በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ባለው ሥዕል ላይ ስሙ ተጽፎ መገኘቱ እስከ ዛሬ የሚወሳው ብርቅ ስለሆነ ነው። ለሰዓሊው ስሙን መተው የትሕትና ወግ ስለነበር በዚያ ዘመን ሰዎች ልንፈርድ አይገባም፤ ሆኖም አማርኛችን «ያሣለ»ን ከ«ሣለ» አስቀድሞ ማክበር የለመደው ከዚያ ይመስለኛል። የእጅ ባለሙያው ደግሞ ከዚህም የከፋ ነገር ስለደረሰበት ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ማንም ሠራተኛን በሥራው እንዳይሰድብ አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል።

ዛሬ ሕጉ አለ። ችግሩ ባለሙያው ራሱ አለማንበቡ ነው፤ እኔም ያነበብኩት ከተናደድኩ በኋላ ነው። ሎጎውን ባስረከብኩ በዓመቱ ያቺው «ቡና» በማከፋፈያ መኪና በር ላይ፣ በሠራተኞች ቲሸርትና ለውጭ ገበያ በሚሄድ ካርቶን ላይ ተለጥፋ ሳያት፣ ለከረጢት ብቻ ነበር የሸጥኩለት ብዬ አንድ የሕግ ባለሙያ ወዳጄ ዘንድ ሄድኩ። እሱም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን አወጣልኝ። አዋጁ ለሥራ አመንጪው ዕድሜ ልኩንና ካለፈም በኋላ ለ50 ዓመት የሚዘልቅ የኢኮኖሚ መብት፣ ማለትም ሥራውን የማባዛትና የመሸጥ መብት፣ ይሰጣል፤ በትእዛዝ የተሠራ ሥራ ከሆነ ግን፣ በውል ሌላ ስምምነት እስካልተደረገ ድረስ፣ የኢኮኖሚ መብቱ ባለቤት አሠሪው ነው። የሥራው አመንጪ ተብሎ የመታወቅ የሞራል መብት ለእኔ ይቀራል። እኛ ደግሞ ሌላ ስምምነት ይቅርና አንድ ገጽ ወረቀት አልነበረንም። ሰውየው በደንብ አድርጎ የራሱን ንብረት ነው የለጠፈው፤ ተበደልኩ ብዬ ሳምንት ሙሉ ያኮረፍኩት በከንቱ ነበር። ይህን ድንጋጌ ያላወቀ ፍሪላንሰር በእያንዳንዱ የስልክ ስምምነት የሚሸጠው ሥራውን ከነሙሉ መብቱ መሆኑን ይወቀው፤ ዋጋውንም ከዚያ ተነሥቶ ይተምን።

የተቋማት ነገር ከግለሰቡ ነጋዴ ይብሳል። አንድ መሥሪያ ቤት የሎጎ ውድድር ያወጣል፤ መቶ ሰው ያለቀለት ሥራ ያስገባል፤ አንዱ ይሸለማል፣ ዘጠና ዘጠኙ የደከመበት ከንቱ ይቀራል። እኔ የተሳተፍኩበት አንዱ ውድድር ማስታወቂያ ግርጌ ላይ የገቡት ሥራዎች በሙሉ የአዘጋጁ ንብረት እንደሚሆኑ በትንንሽ ፊደል ተጽፎ ነበር። ለግንባታ ጨረታ መቶ ተቋራጭ እያንዳንዱ አንድ ፎቅ ሠርቶ ይምጣና እንምረጥ ብሎ ማስታወቂያ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት እስካሁን አላጋጠመኝም። ያለፉ ሥራዎችን አይቶ ሦስት ባለሙያ መምረጥና ለመነሻ ሐሳባቸው ለሦስቱም መጠነኛ ክፍያ መክፈል ይቻላል፤ ይህ ለአዘጋጁም የመቶ ሰው ፋይል ከመመርመር ይቀለዋል።

የደረሰኙ ጣጣም አለ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ለማያቀርብ ሰው ከሚከፈለው ላይ 30 በመቶ ተቀንሶ እንዲያዝ ደንግጓል፤ አንዳንዱ መሥሪያ ቤትማ ደረሰኝ የሌለውን ጭራሽ አያነጋግርም። ብዙዎቻችን ወዳጃችን ማተሚያ ቤት ደረሰኝ እንዲቆርጥልን እያደረግን ከዋጋው ላይ ለእሱ እናካፍላለን፤ በዚህም ሥራው በወረቀት የእኛ መሆኑ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ስሜ አልተጠቀሰም ብሎ መጮህ ይከብዳል። ቢያዳግትም ንግድ ፈቃዱን ማውጣት ይሻላል፤ እኔ አምና አውጥቻለሁ።

ስለራሳችን ሳላነሣ ብቀር ደግሞ ግብዝ እሆናለሁ። የቅጂ መብት እያልን የምንሟገተው ክራክ በተደረገ፣ ማለትም ሳይከፈልበት ቁልፉ በተሰበረ፣ ፎቶሾፕና ኢሉስትሬተር የሥዕል ሶፍትዌር ላይ ተቀምጠን ነው። ለዓመታት እኔም አንዷ ነበርኩ። ምክንያቱ አይጠፋንም፤ ክፍያው በዶላር ነው፣ ዶላሩ ደግሞ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ በባንክ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። ምክንያት መኖሩ ግን የሌላውን ሰው ልፋት በነፃ መውሰዳችንን አያስቀረውም። ከጎግል ያነሣነውን ፎቶ በባነር ላይ ለጥፈን ከደንበኛ ገንዘብ ስንቀበልም ያው ነው። አሁን ደግሞ ደንበኛው ራሱ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ያሠራውን ሥዕል ይዞ «ይቺን ብቻ አስተካክዪልኝ» እያለ ይመጣል፤ ባለፈው የመጣልኝ ሥዕል ላይ ጀበናው እጅግ ያማረ ነበር፣ ጽሑፉ ግን በፊደል ገበታችን በየትኛውም ቤት የማይገኝ ፊደል ነበር። ለማስተካከሉ ከአዲስ ሥራ እኩል አስከፍላለሁ፣ ምክንያቱም ከአዲስ ሥራ እኩል ይደክማል።

አሁን የምሠራበት ውል አንድ ገጽ ነው። ግማሽ ቀብድ፣ ሦስት ጊዜ እርማት፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ የተወሰነ ክፍያ፣ ሥራው የት የት እንደሚውል፣ የኢኮኖሚ መብቱ ለደንበኛው የሚተላለፈው ክፍያው ሲጠናቀቅ መሆኑ። ወረቀቱን ሲያዩ የጠፉ ደንበኞች አሉ፤ ያለ ወረቀቱም ከሥራው በኋላ ይጠፉ የነበሩት እነሱ ይመስሉኛል።

በታኅሣሥ ወር የቡናው ባለቤት ደወለ። 250 ግራም የሚይዝ አዲስ ከረጢት ሊያወጣ ነው። ውሉን በቴሌግራም ላክሁለት፤ እንዳነበበው የሚያሳዩት ሁለቱ ምልክቶች ወዲያው መጡ፣ መልስ ግን አራት ቀን አልነበረም። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ግማሹ ክፍያ በቴሌብር ገባልኝ። ከሥሩ አንዲት መልእክት ጽፎ ነበር፦ «የኔ ልጅ፣ ልኬያለሁ። ለምኑ እንደሆነ ግን አሁንም አልገባኝም።»